በወረርሽኝ ጊዜ ፓርክ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ፓርክ መሄድ የለመደችው በኮሮና ጊዜ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሸገር ፓርክ የተመረቀው በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ ነው። እንጦጦ ፓርክም ብዙ ሳይቆይ በ2013 መስከረም ማብቂያ ተከፈተ። ከቤት አትውጡ በተባለበት ጊዜ ውጡ ውጡ የሚያሰኙ ቦታዎች መጡ። ታዲያ ግማሹ ሰው ፓርክ የሚባል ነገር ፈራ፤ ግማሹ ደግሞ በሽታውን ጭራሽ ረሳው። በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ይደገማሉ።

ፓርኩን ራሱን መፍራት። እንዲህ ያለ በሽታ የሚመቸው የተዘጋ ክፍል ነው። ሜዳ ላይ ትንፋሽ በንፋስ ይበተናል። ስለዚህ በርና መስኮት በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዓት ቡና ከመጠጣት፣ ከዚያው ሰው ጋር ብሔረ ጽጌ ፓርክ ዛፍ ሥር ፈንጠር ብሎ መቀመጥ በብዙ ይሻላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ፓርኩን ትተን ዘመድ ቤት እንሰበሰባለን።

መንገዱን መርሳት። ለእኔ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ፓርኩ ጋ ሳይደረስ ነው። ሚኒባሱ ሞልቷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። አንዱ ትንሽ ከፈት ሲያደርግ ከኋላ "ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ገባ!" ይባላል። ንፋስ ያማል እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ከቫይረሱ ይልቅ ብርዱን እንፈራለን። በ2012 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ታዞ ነበር። ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ኪሳችንን ቢጎዳውም ሐሳቡ ትክክል ነበር። ትእዛዝ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ራስን መጠበቅ ነው። መስኮት ዳር ተቀመጡ። "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብቻ ልክፈተው" ስትሏቸው ብዙ እናቶች እሺ ይላሉ። ማስክ በደንብ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በእግር የሚደረስበትን መምረጥ ነው። ሰፈራችሁ ቦሌ ከሆነ ፒኮክ ፓርክ አለላችሁ፤ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ከተማውን አታቋርጡ።

ሁሉም በሚሄድበት ሰዓት መሄድ። እሁድ ከሰዓት በአዲሱ ፓርክ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ፍተሻው ጋ ትከሻ ለትከሻ መተሻሸት ነው። ውስጥ ደግሞ ሰፊው መስክ ባዶ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያምርበት አንድ ቦታ ላይ ይደራረባል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ከመጡማ አለቀ፤ እልል ሲባል ማስኩም ይወልቃል። የሥራ ቀን ጠዋት ከቻላችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ ደግሞ ከዋናው በር ራቅ ወዳለው ጥግ ዝለቁ።

ማስኩን በተገላቢጦሽ መጠቀም። ይሄ ያስቀኛል። ሰልፉ ላይ አገጭ ሥር ያለው ማስክ፣ እንጦጦ ላይ ለብቻ በሚሮጥበት ዳገት አፍንጫ ላይ ይወጣል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ያለ ማስክም ያስተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ጊዜ ማስክ አድርጋችሁ ከባድ ስፖርት አትሥሩ ሲል መክሯል። ማስኩ ለበሩ፣ ለሰልፉ፣ ለካፌውና ለመጸዳጃ ቤቱ ነው። አጠገባችሁ ሰው ከሌለ ዛፉን በሙሉ አፍንጫችሁ አሽትቱት።

አንድ ሳህን ዙሪያ መክበብ። እዚህ ጋ ምክሩ ቀላል፣ አፈጻጸሙ ከባድ ነው። አክስት "በሞቴ!" ብላ ጉርሻ ስትዘረጋ እምቢ የሚል ማን አለ? ስለዚህ ነገሩን ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። ለየሰው በየዕቃው ቋጥሩ፤ ውኃም ለየራስ ይሁን። ሲበላ ማስክ የለም፤ ወሬና ሳቅ ደግሞ አለ። ፊት ለፊት ተጠጋግቶ ሰዓታት መቀመጡ ከሳህኑ በላይ ያሰጋል። የተለያዩ ቤተሰቦች ከሆናችሁ ምንጣፉን ለየብቻ አንጥፉ፤ በመካከል ሁለት ሜትር ያህል ይኑር። ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው መሆን አለበት፤ አፈር ሲጫወት በዋለ ልጅ እጅ ላይ ግን እሱም ብዙ አይረዳም።

ወረርሽኝን ሁሉ እንደ ኮሮና ማየት። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ተነስቶ ነበር። ለአተት ማስክና ርቀት ፋይዳ የላቸውም። በሽታው የሚገባው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓርክ በር ላይ የሚሸጠውን የተቆራረጠ ፍራፍሬ እለፉት፤ ሰላጣም ይቅር። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃና ሳሙና ከቤት ያዙ፤ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሳሙና አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ኩፍኝ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በተዘጋ ቦታ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ካላችሁ ሌሎች ልጆች የሚጨናነቁበትን መጫወቻ ትታችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

"ጉንፋን ቢጤ ነው" ብሎ መሄድ። ቀጠሮ ተይዟል፣ ምግቡ ተሠርቷል፣ ልጆቹ ሌሊቱን አልተኙም። አንዱ ግን እያሳለ ነው። ብዙ ጊዜ ይሄ ልጅ አብሮ ይሄዳል፤ ደግሞም አየር እንዲቀበሉ ተብለው ከቤት የወጡት ስኳር ያለባቸው አያት ጎን ይቀመጣል። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ሌሎቹ የግድ ከሄዱም አንድ ትልቅ ሰው ከታመመው ጋር ቤት ይቅር።