ያልተከፈለ ደመወዝንና ያለአግባብ የተቆረጠ ገንዘብን እንዴት ማስመለስ ይቻላል?

«ብርጭቆ ሰብረሃል»፣ «ደንበኛው ሳይከፍል ወጥቷል»፣ «የደንብ ልብሱ በአንቺ ሒሳብ ነው» እየተባለ ደመወዙ የሚሸራረፍበት አስተናጋጅና ጥበቃ ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ግን የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። «ለበዓል እንከፍላለን» በሚል ተስፋ ጥያቄያቸው የተቃጠለባቸው ጥቂት አይደሉም። አሠሪዎ ዕዳውን ካመነ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለው እምነት ይርጋውን ያቋርጠዋል፤ ጊዜው እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል ማለት ነው።

ቀጥሎ የተቆረጠውን ገንዘብ ይመርምሩ። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሕጋዊ ናቸው። ከዚህ ውጭ አሠሪው መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚዋዋሉት)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድለት፣ አለበለዚያም እርስዎ በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። የአለቃ ቁጣ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ፈቃድ ቢኖር እንኳ በአንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ 9,000 ብር ከሚከፈለው ሠራተኛ ከ3,000 ብር በላይ መውሰድ አይቻልም ማለት ነው።

ማስረጃ መሰብሰብ ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። አሠሪው ጠቅላላ ደመወዝን፣ ተቀናሹን ከነዓይነቱና የተጣራውን ክፍያ የያዘ መዝገብ የመያዝና ሲጠየቅ ለሠራተኛው የማስረዳት ግዴታ አለበት። መዝገቡ ላይ ያለተቃውሞ ፈርመው ቢሆንም ቀሪውን የመጠየቅ መብትዎ አይጠፋም። «ፈርመሃል እኮ» የሚለው ማስፈራሪያ አያስደንግጥዎ። የጽሑፍ ውል ባይኖርዎትም የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሥራ መታወቂያ፣ ከአለቃዎ የተላኩ የስልክ መልእክቶችና የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት ያገለግላሉ።

ከዚያ ወርና መጠኑን ለይተው ደብዳቤ ይጻፉ፤ አንዱን ቅጂ «ደርሶናል» አስብለው ያስቀምጡ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። መልስ ከጠፋ በአካባቢዎ ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ቢሮ ማመልከት ይችላሉ። ከቢሮው የሥራ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ገንዘቡ በድንገት የሚገኝበት ድርጅት አለ።

ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ። ዳኝነት አይከፈልም፤ ሕጉም ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ያዛል። በክሱ ላይ እያንዳንዱን ወር ለየብቻ ያስሉ፤ የደመወዝ መዝገቡ በአሠሪው እጅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ይጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ ስለማይሸፈኑ መንገዳቸው ሌላ ነው።

ሥራውን ለቀው ከሆነ ክፍያዎ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በመጠኑ ካልተስማሙም አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ ይከፍላል። ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ለእርስዎ ሊያስከፍለው ይችላል። መዘግየቱ የእርስዎ ነው እንዳይባል የተረከቡትን ንብረት በደረሰኝ ያስረክቡ፤ «ምንም የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ወረቀት ከቀረበልዎ ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ አይፈርሙ።