የኔትወርክ ፕሮቶኮሎችን በሞጁል ሲገጣጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕሮቶኮልን፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ከትንንሽ የፕሮግራም ክፍሎች (ሞጁሎች) የመገጣጠም ሐሳብ አዲስ አይደለም። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ኤክስ-ከርነል የተባለ ሥርዓት በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የኤምአይቲው ክሊክ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ሠርተው አሳይተውታል። ያም ሆኖ የድሮዎቹ ስህተቶች ዛሬም አሉ።

በሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቅደም ተከተል ግድ አይሰጥም ብሎ ማሰብ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሞጁሎቹ ሁሉ «ላክ» እና «ተቀበል» የሚል አንድ ዓይነት በር ስላላቸው ኮምፓይለሩ የትኛውንም አደራደር ይቀበላል፤ ኔትወርኩ ግን አይቀበልም። ለምሳሌ የመቆራረጫው ሞጁል መልእክቱን በኢተርኔት የ1500 ባይት ጣሪያ ልክ ከፋፈለው እንበል። ከሥሩ ያለው የምስጠራ ሞጁል በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ 16 ባይት ማረጋገጫ ሲጨምር 1516 ይሆናል፤ ፓኬቱም (በአንድ ጊዜ የሚላከው ቁራጭ) መንገድ ላይ ይቀራል። የሚያናድደው፣ አጫጭር የሙከራ መልእክቶች ያለ አንዳች እንከን ያልፋሉ፤ ጉዱ የሚታየው ትልቅ ፋይል ሲላክ ነው። ማመቅ (የመልእክቱን መጠን ማሳነስ) እና ምስጠራም እንዲሁ ናቸው። የተመሰጠረ ነገር አይታመቅምና ምስጠራው ከቀደመ ማመቂያው በከንቱ ይለፋል። ማመቁን ማስቀደምም ሁልጊዜ ደኅና አይደለም፤ በ2012 ይፋ የሆነው «ክራይም» የተባለው ጥቃት የተጠቀመው የድረ ገጽ ግንኙነትን የሚመሰጥረው ቲኤልኤስ ከመመስጠሩ በፊት ያደርገው በነበረው ማመቅ ነበር። ስለዚህ ሞጁሉ ከሥሩ ምን እንደሚጠብቅ፣ ለበላዩ ምን እንደሚሰጥና ስንት ባይት እንደሚጨምር ያስታውቅ፤ ሞጁሎቹን የሚያገናኘው ፍሬምወርክም ይህን ገና ሲገጣጠም ይፈትሽ።

በየደረጃው መገልበጥ። ሄደር (ከመልእክቱ ፊት የሚገባ መረጃ) ለመጨመር ሲባል መልእክቱን በሙሉ ወደ አዲስ ቦታ መቅዳት ብክነት ነው። ከፊቱ ባዶ ቦታ ትቶ መጀመር ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ሞጁል የራሱን ትሬድ (ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ ክር) መስጠት። በሥዕል ላይ ያምራል፤ ሲሠራ ግን ፓኬቱ በየደረጃው ተራ ይጠብቃል። ኤክስ-ከርነል ትሬዱን የሰጠው ለመልእክቱ ነው፤ ከሞጁል ወደ ሞጁል መሻገር ተራ የፕሮሲጀር ጥሪ ሆነ።

አስተማማኝነትን መደራረብ። የጠፋ ፓኬትን ደግሞ የሚልከውን ቲሲፒን በሌላ ቲሲፒ ውስጥ ያስኬደ ያውቀዋል። ታችኛው የጠፋውን ፓኬት ሊተካ ሲታገል የላይኛው ሰዓቱ ያልቅበትና ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ መስመሩ በድግግሞሽ ይታፈናል።

ደረጃዎቹ ፈጽሞ እንዳይተዋወቁ ማድረግ። ጥብቅ ግድግዳ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ቲሲፒ ራሱ ቼክሰሙን (የስህተት መፈተሻ ቁጥሩን) ሲያሰላ ከሥሩ ያለውን የአይፒ ደረጃ አድራሻዎች ይጨምራል። በ2021 ደረጃ የወጣለት ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮልማ ከዚህም አልፎ የግንኙነት መክፈቻንና የምስጠራ ስምምነትን አንድ አደረጋቸው። ቲሲፒና ቲኤልኤስ 1.3 ተነባብረው በሁለት ምልልስ የሚከፍቱትን አዲስ ግንኙነት በአንድ ይጨርሰዋል።