በሁለት አሮጌ ሬዲዮ አማተሮችን ማዳመጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ የሚሆን አንቴና

አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለገንዘብ ሳይሆን ለፍላጎት በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር፣ የሚጀመረው በጆሮ ነው። ለማስተላለፍ ፈቃድና የጥሪ ምልክት (ጣቢያው በአየር ላይ የሚጠራበት ስም) ያስፈልጋል። የሬዲዮ ሞገድ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ዎኪ ቶኪ ይዞ ቶሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ያለ ፈቃድ መነጋገር በሕግ ያስጠይቃል። ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ግን አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ፣ 20 ሜትር ሽቦና ትዕግሥት ነው። ከሦስቱ ዋናው ሽቦው ነው። ጥሩ አንቴና ያለው ርካሽ ሬዲዮ፣ በራሱ ዘንግ ብቻ ከሚሠራ ውድ ሬዲዮ የተሻለ ይሰማል።

ለመነሻ የሚሆነው ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ያለው፣ የ40 ሜትር ባንድ የሚባለው የአማተሮች የሞገድ ክልል ነው። ደሴ ቶሳን ተደግፋ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከሀረጎ ማዶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለሚገኙ፣ እንደ ዎኪ ቶኪ በቀጥታ የሚጓዝ ሞገድ ተራራ ያግደዋል። የ7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ተራራው አይገደውም። ቀን ላይ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሲመሽ ደግሞ ከሌላ አህጉር ይሰማል።

አንቴናው መሐሉ ላይ የተለያዩ ሁለት እኩል የሽቦ ክንዶች ናቸው። የሽቦው ልክ በቀላሉ ይገኛል፤ 143ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ነው። 143 ለ7.1 ሲካፈል 20.14 ሜትር ይመጣል፣ ግማሹ 10.07 ነው። እያንዳንዱን ክንድ 10 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ትርፉ ለመቋጠሪያ ይሆናል። ለማዳመጥ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ወይም ቢረዝም ለውጡ አይሰማም። ከመብራት ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ባለ 1.5 ሽቦ ይበቃል፣ ፕላስቲኩንም መላጥ አያስፈልግም። ሦስት የፕላስቲክ ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ መሐሉ ላይ ሁለቱን ክንዶች ይለያል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሽቦውን ከገመዱ ይለያሉ። ከተቀደደ ጀሪካን እጀታ አካባቢ፣ ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ በጋለ ምስማር ሁለት ሁለት ቀዳዳ አውጡ። እንጨት አይሁን፤ ዝናብ ሲጠጣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

መሐሉን ከ6 እስከ 7 ሜትር በሆነ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ስቀሉት፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ዘምበል ብለው ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ላይ በናይለን ገመድ ይታሰሩ። ይህ ቅርጽ ከዳር እስከ ዳር 18 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ዳገት ላይ የተሠራና ግቢው የጠበበ የደሴ ቤት ይህን ላያገኝ ይችላል፤ ያኔ የየክንዱን የመጨረሻ 2 ሜትር ወደ ታች ማንጠልጠል ወይም ወደ ጎን ማጠፍ ነው። ገመዱን አትወጥሩት። ንፋስ አጣናውን ሲያወዛውዘው የተወጠረ ሽቦ መሐሉ ላይ ይበጠሳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ከመብራት መስመር ደግሞ ሽቦው ቢወድቅ እንኳ በማይደርስበት ርቀት ይሁን። የመብራት ሽቦ ላይ አሻግሮ መወርወር ሰው ይገድላል።

ከአጣናው እስከ ቤት የዲሽ ኬብል ተጠቀሙ። 75 ኦም ስለሆነ ለዚህ አንቴና እንደተሠራ ያህል ይገጥማል። የመሐሉን ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን የሸፈነውን ጥልፍልፍ ከሌላው ክንድ አገናኙ። ጥልፍልፉ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ መበየዱ አይይዝም፤ በብሎን የሚጠብቅ የፕላስቲክ ማገናኛ ውስጥ አስገብታችሁ በካቻቢቴ አጥብቁት። ከዚያ በናስትሮ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ እንደ ሣር ክዳን የላይኛው ዙር በታችኛው ላይ ሲደረብ ውኃ አይገባም። ይህን ችላ ያለ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ሬዲዮው ደንቁሮ ያገኘዋል፤ ጥልፍልፉ ውኃን እንደ ክር ስቦ ኬብሉን በሙሉ ያበላሸዋልና። ኬብሉ በመስኮት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠልና ይመለስ፣ ጠብታው እዚያ ይውደቅ። እዚያው አጠገብ ሳህን በሚያህል ስፋት ከ8 እስከ 10 ዙር ጠምጥማችሁ እሰሩት፤ የቤቱ የኤሌክትሪክ ጫጫታ በኬብሉ ላይ ወጥቶ አንቴናው ዘንድ እንዳይደርስ ያግዳል።

ሬዲዮው የአንቴና ቀዳዳ ከሌለው፣ የመሐሉን ሽቦ ዘንጉ ላይ፣ ጥልፍልፉን የድንጋዩ ኔጌቲቭ የሚነካው ብረት ላይ አያይዙ። የስርጭት ጣቢያዎች በሌሉበት ቁጥር ሁሉ ከተሰሙ ሬዲዮው ከአቅሙ በላይ ሞገድ ገብቶበታል። ያኔ የመሐሉን ሽቦ ዘንጉን ሳይነካ፣ ፕላስቲኩ እንዳለ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙበት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አማተሮች የሚነጋገሩበት ኤስኤስቢ (SSB) የተባለው ዘዴ ጉልበት ለመቆጠብ ተሸካሚውን ሞገድ አስቀርቶ ድምፁን ብቻ ይልካል። ተራ ሬዲዮ ያለ ተሸካሚው ድምፁን መፍታት ስለማይችል፣ የሚሰማችሁ አፍንጫውን የተያዘ ሰው ማጉረምረም ነው። ኤስኤስቢ የሚል ማብሪያ ያለው ሬዲዮ ያላችሁ በ7 ሜጋኸርዝ ኤልኤስቢ (LSB)፣ በ14 ዩኤስቢ (USB) የሚለውን መርጣችሁ የሁለተኛውን ሬዲዮ ነገር እለፉት። የሌላችሁ ሁለተኛ አሮጌ ሬዲዮ ፈልጉ፤ የጎደለውን ተሸካሚ እሱ ይሰጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። መርፌው በክር የሚጎተት አሮጌ ሬዲዮ በውስጡ የራሱን ደካማ ሞገድ ያመነጫል፤ ይህም መርፌው ከቆመበት ቁጥር በ455 ኪሎኸርዝ (በ0.455 ሜጋኸርዝ) ከፍ ይላል። 6.645 ላይ ብታቆሙት በ7.100 ላይ ይፈነጥቃል። ስለዚህ አንቴና የተሰካበትን ሬዲዮ ማታ ላይ ከ7.200 በላይ ወዳለው የስርጭት ጣቢያዎች ክልል፣ ወደ 41 ሜትር ባንድ፣ ውሰዱና የስርጭት ጣቢያዎቹ እስኪያልቁ መርፌውን በጣም በዝግታ ወደ ታች አውርዱ። ከ7.200 በታች ያ ማጉረምረም ሲሰማ አቁሙ። ሁለተኛውን ሬዲዮ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አስቀምጡ፣ ድምፁን ዝጉ፣ ከ6.545 እስከ 6.745 ባለው መካከል ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከመጀመሪያው ሬዲዮ ፉጨት ሲመጣ ደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ የፀጉር ያህል እያንቀሳቀሳችሁ ጆሯችሁን ስጡ፦ ድምፁ እንደ ሕፃን ከቀጠነ ወይም ጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ከወፈረ ገና ነው፤ መሐሉ ላይ ድንገት የሰው ንግግር ይሆናል። ያች ቅጽበት ልፋቱን ሁሉ ታስረሳለች።

ንግግሩ ከተቆራረጠ ሁለተኛው ሬዲዮ ደክሟልና አስጠጉት፤ ሌላው ድምፅ ሁሉ ከታፈነ አርቁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ከሸሸ አይግረማችሁ፤ ሙቀት ሲለወጥና ድንጋዩ ሲደክም ሞገዱ ይንሸራተታል። ሁለቱንም ከፍታችሁ 20 ደቂቃ አቆዩ፣ አዲስ ድንጋይ ክተቱ። ቁጥሩን በስክሪን የሚያሳይ ወይም ቁልፍ እያለው ውስጡ በአንድ ቺፕ የሚሠራ አዲስ ሬዲዮ ለዚህ ረዳትነት አይሆንም፤ የ455 ስሌት እዚያ አይሠራም።

ጫጫታውን ለመለየት ሬዲዮውን በድንጋይ እያሠራችሁ የቤቱን ቆጣሪ አጥፉ። ጸጥ ካለ ጥፋቱ የእናንተ ቻርጀር ወይም የኤልኢዲ አምፖል ነው፤ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉት። ካልጠፋ ከውጭ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ የቀረበ ቤት ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ቢሞክር ይሻለዋል። በሰፈሩ ሁሉ መብራት የጠፋበት ምሽት ደግሞ ለአዳማጭ ከምንም ይበልጣል።

በክረምትና በበልግ ሬዲዮው ደጋግሞ ከተንጣጣ መብረቅ ገና ሩቅ ሆኖ እየነገራችሁ ነው። ነጎድጓዱን ሳትጠብቁ ኬብሉን ነቅላችሁ ጫፉን በመስኮት ወደ ውጭ ጣሉት። ማዳመጥ በማትፈልጉበት ጊዜም ተነቅሎ ይደር።

የጥሪ ምልክቱ መጀመሪያ ሀገሩን ይናገራል፦ ኢቲ ኢትዮጵያ፣ ኤስቲ ሱዳን፣ 5ዜድ ኬንያ፣ ጄ2 ጅቡቲ፣ ኤ4 ኦማን። ኢቲ3ኤኤ የተባለው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ ከደሴ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሥራ ላይ ካለ የሚፈለገው በቀን ነው። ሰው ባይገኝ እንኳ አንቴናችሁን በ14.100 ፈትኑት። በዓለም ዙሪያ 18 ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው 10 ሴኮንድ፣ በየ3 ደቂቃው ተራ እየገቡ በሞርስ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚጽፈው ኮድ) ስማቸውን ይልካሉ፤ ቀጥለው አራት ረጃጅም ድምፅ በ100፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት ያሰማሉ። ሁለተኛውን ድምፅ ከሰማችሁ ሽቦው በደንብ ሠርቷል። ረዳቱ ሬዲዮ ያኔ 13.645 አካባቢ ይቆማል።

የሰማችሁትን በደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሜጋኸርዝ፣ የጥሪ ምልክት፣ የድምፁ ጥራት። አማተሮች ሰዓት የሚጽፉት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም የጋራ ሰዓት ነው። ከዩቲሲው ላይ 3 ስትቀንሱ የእኛ ሰዓት ይመጣል፤ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት። 18፡00 ዩቲሲ ሲሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።