ከጣና ዳር እንጨት የወጣ ተርብ አዲስ ዝርያ መሆኑን እንዴት ማረጋገጥና መግለጽ ይቻላል?

በዘጌ ደን ውስጥ በወደቀ ግንድ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ነቀዝ በልቶታል» ብሎ ያልፋል። ቀዳዳው ግን የተርብ መውጫ ሊሆን ይችላል፤ ተርቡም ገና ሳይንሳዊ ስም ያልወጣለት ሊሆን ይችላል። ይህን ማረጋገጥ ተርቡን ከማግኘት ይልቅ ይከብዳል፤ አዲስ ዝርያ የሚባለው ለአግኚው እንግዳ የሆነው ሳይሆን ከዚያ በፊት ማንም ገልጾ ያልሰየመው ነውና።

ሥራው በፈቃድ ይጀመራል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረ መል ሀብትን ለምርምር ለመውሰድም ሆነ ወደ ውጭ ለመላክ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። የአካባቢውን ገዳማት አባቶች ማስፈቀድም ግድ ነው። የቆመ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ይበቃል። (የጣና ደሴት ገዳም የሆነው ክብራን ገብርኤል ሴቶችን ስለማያስገባ፣ ተመራማሪዋ ሴት ከሆነች ይህን ጀልባ ከመሳፈሯ በፊት ብታውቅ ድካም ይቀርላታል።) ከባሕር ዳር ጣውላ ቤቶችም ግንድ ይገኛል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ በእርግጥ ካልታወቀ ናሙናው ለዚህ ሥራ እምብዛም አይረባም።

ቀጥሎ እንጨቱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጥና ቶሎ እንዳይደርቅ ሁለቱ ጫፎቹ በቀለጠ ሻማ ይቀባሉ። ከዚያም ክዳን ባለው ጥቁር ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ፣ በባልዲው ጎን በተበሳ ቀዳዳ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ይገጠማል፤ ከእንጨቱ የሚወጡት ነፍሳት ብርሃን ፍለጋ ራሳቸው ወደ ጠርሙሱ ይገባሉ። የዋንዛው እንጨት ከብሳናው ወይም ከዶቅማው ጋር በአንድ ባልዲ አይቀመጥም፤ ከተቀላቀለ ተርቡ በየትኛው ዛፍ እንዳደገ ማወቅ አይቻልምና። በክረምት ሻጋታ እንዳያበላሸው ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ማድረግ ይገባል። የአንዳንዶቹ እጭ በእንጨት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚቆይ በስድስት ወር ባልዲውን ባዶ ማድረግ ችኮላ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከእንጨት የወጣ ተርብ ሁሉ እንጨት ቦርቧሪ አይደለም። ሲሪሲዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት በእርግጥ ቦርቧሪዎች ናቸው፤ ወገባቸው ቀጭን አይደለም፣ ጅራታቸው ጫፍ ላይ እንደ ቀንድ የሾለ ነገር አለ፣ ሴቷም እንቁላሏን ከፈንገስ ጋር በእንጨቱ ውስጥ ትጥላለች። ከእነዚህ መካከል አፍሮትሬሜክስ የተባለው ጂነስ (የተቀራራቢ ዝርያዎች ምድብ) የሐሩር አፍሪካ ነዋሪ ነው። ኦሩሲዴ የሚባለው ሌላ ቤተሰብ አባላትም ወገባቸው ቀጭን ባይሆንም፣ እጫቸው የሚመገበው የሌሎች ቦርቧሪ ነፍሳትን እጭ ነው። ብራኮኒዴ ከሚባለው ቤተሰብ ወገበ ቀጭን ተርቦችም ብዙዎቹ እንዲሁ በሌሎች ነፍሳት ላይ የሚያድጉ ጥገኞች ናቸው። ስለዚህ እንጨቱን ፈልጦ ዋሻውን መመርመር ያስፈልጋል፤ የሲሪሲዴ እጭ ዋሻ በደቃቅ ሰጋቱራ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ሲሆን፣ የጥገኛው መኖሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተበላው እጭ ቅሪት ይገኝበታል። የቤት ወራጅ የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ነፍሳትማ ንብ እንጂ ተርብ አይደለም።

የተገኘው ተርብ በመርፌ ተሰክቶ፣ ለዘረ መል ምርመራ የሚሆኑ ጥቂቶች ደግሞ በ95 በመቶ አልኮል ተቀምጠው፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ የዛፉ ዓይነት፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍላቸዋል። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ፤ «5/2/2017» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የሌላ አገር አንባቢን በሰባት ዓመት ያሳስተዋል።

ከዚያ ረጅሙ ንጽጽር ይመጣል። በመለያ ቁልፍ (በአካል ምልክቶች ደረጃ በደረጃ እያጣራ ወደ ስም በሚያደርስ ጽሑፍ) እስከ ጂነስ ከተደረሰ በኋላ፣ በዚያ ጂነስ ውስጥ የተሰየሙት ዝርያዎች ሁሉ የመጀመሪያ መግለጫቸው ይነበባል። መግለጫው ካልበቃ በለንደን፣ በፓሪስ ወይም በቤልጂየሟ ቴርቩረን ሙዚየሞች የተቀመጡት ናሙናዎች ይታያሉ። መጠንና ቀለም እምነት አይጣልባቸውም፤ በደረቀ እንጨት ያደገ ተርብ ከወንድሙ ሊያንስ፣ ወንዱና ሴቷም ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የአንቴና ክፍሎች ብዛት፣ የክንፍ ጅማቶች አቀማመጥና የእንቁላል መጣያው ርዝመት ከፊተኛው ክንፍ ጋር ያለው ንጽጽር የተሻሉ ናቸው። 658 ፊደላት ያሉት የዘረ መል ባርኮድ (ዝርያን ለመለየት የሚያገለግል አጭር የዘረ መል ቁራጭ) ይረዳል፤ ብዙ የቆዩ ናሙናዎች ግን ባርኮድ ስለሌላቸው ብቻውን አይፈርድም።

ልዩነቱ ከጸና ስም ይወጣለታል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ መግለጫው በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ አያስገድድም፤ በአማርኛም ቢጻፍ ስሙ አይወድቅም፤ ስሙ ግን በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። ከቦታ ስም «ታናኤንሲስ» ማለት ይቻላል፤ የጂነሱ ስም በላቲን ሰዋስው ግዑዝ ጾታ ካለው ግን «ታናኤንሴ» ይሆናል። በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚታተም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ ይኖርበታል። ጽሑፉ ዝርያው አዲስ መሆኑን በግልጽ ከመናገሩም በላይ፣ ለስሙ ተጠሪ የሚሆን አንድ ናሙና፣ ማለትም ሆሎታይፕ፣ መርጦ የሚቀመጥበትን ተቋም ያሳውቃል። ያ አንድ ተርብ በልማድ ቀይ ወረቀት ይደረግለታል፤ የሚቀጥለው ተመራማሪ ከሌላ ግንድ ተመሳሳይ ተርብ ሲያገኝ ሳጥኑን ከፍቶ የሚያነጻጽረው ከእርሱ ጋር ነው።