ቴክኒሺየም ሲታጠብ ሞሊብዲነም እንዳያመልጥ፦ ጄኔሬተሩን መጠቀምና መፈተሽ

ጄኔሬተር ስንል ለኑክሌር ሕክምና ምስል የሚውለውን ራዲዮአክቲቭ ቴክኒሺየም-99ኤም ከሞሊብዲነም-99 የምናወጣበት መሣሪያ ነው። ውስጡ ያለው የአሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዓምድ ሞሊብዲነም-99ን አጥብቆ ይዞ ቴክኒሺየም-99ኤምን ይለቃል። ሞሊብዲነሙ ያለበት ሞሊብዴት ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው በአሲድ በታጠበ አሉሚና ላይ ይጣበቃል። ከእሱ የሚወለደው ፐርቴክኔቴት (ቴክኒሺየሙ ያለበት መልክ) ግን ባለ አንድ ቻርጅ ስለሆነ 0.9% ሳላይን (የጨው ውሃ) ሲያልፍበት በቀላሉ ታጥቦ ይወጣል። የሞሊብዲነሙ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት፣ የቴክኒሺየሙ 6 ሰዓት ነው። ከአንድ እጥበት በኋላ ምርቱ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በ23 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከቸኮላችሁ በ6 ሰዓት ከዚያ ከግማሽ በላይ ታገኛላችሁ።

በደረቅ ዓምድ ጄኔሬተር (ከእጥበት በኋላ ዓምዱ በአየር በሚደርቅበት) የቫያሎቹ (የጠርሙሶቹ) ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ክዳኖቹን በአልኮል ጠርጉና እስኪደርቁ ጠብቁ። መጀመሪያ የሳላይኑን ቫያል፣ ቀጥሎ በእርሳስ መከለያ ውስጥ ያለውን አየር አልባ ቫያል ሰኩ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ አየር አልባው ቫያል አየር ስቦ ቫኪዩሙ ያልቃል፤ ሳላይኑም አይንቀሳቀስም። አምራቹ ከሰጠው ሳላይን ሌላ አትጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው። ፈሳሹ አለቀ ብላችሁ ቫያሉን ወዲያው አትንቀሉት፤ ተከትሎ የሚገባው አየር ዓምዱን ያደርቀዋል። ዓምዱ ውስጥ እርጥበት ከተረፈ ጨረሩ ውሃውን ይሰባብረዋል፣ የሚፈጠሩት ኤሌክትሮኖችም ፐርቴክኔቴቱን ወደማይታጠብ መልክ ይለውጡታል። ጉዳቱ የሚታየው በማግስቱ ምርቱ ሲያንስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙዎች ጄኔሬተሩን ይወቅሳሉ።

ያመለጠ ሞሊብዲነም በየእጥበቱ ይፈተሻል። ቫያሉን 6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የእርሳስ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ በዶዝ ካሊብሬተሩ (የራዲዮአክቲቭ መጠን መለኪያው) የሞሊብዲነም መቼት ለኩ። እርሳሱ የቴክኒሺየሙን 140 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ጋማ ያስቀራል፤ የሞሊብዲነሙ 740ና 778 ግን በከፊል ያልፋል። የባዶውን ጣሳ ንባብ ቀንሱ፤ መሣሪያው የሚጠይቀውን የጣሳ ማባዣም አትርሱ። ከዚያ ቫያሉን ከጣሳው አውጥታችሁ በቴክኒሺየም መቼት ለኩና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

በአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ) ወሰኑ ለ1 ሜጋቤኬሬል ቴክኒሺየም 0.15 ኪሎቤኬሬል ሞሊብዲነም ነው (ቤኬሬል የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ ነው)፤ የሚቆጠረውም መርፌው በሚሰጥበት ሰዓት እንጂ በታጠበበት ሰዓት አይደለም። ቴክኒሺየሙ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ጥምርታው በየ6.6 ሰዓቱ በእጥፍ ያድጋል። ጠዋት 0.04 ያሳየ ከ12 ሰዓት በኋላ 0.14 ገደማ ይሆናል፤ ከወሰኑ በታች ስለሆነ ይፈቀዳል። ጠዋት 0.07 ያሳየ ግን ከ7 ሰዓት በኋላ ወሰኑ ላይ ነው። ያመለጠው ሞሊብዲነም ጉበት ውስጥ ይቀመጣል፣ የሕመምተኛውን የጨረር መጠን ይጨምራል፣ ምስሉንም ያበላሻል።

አሉሚናው ራሱም ሊሸሽ ይችላል። በመፈተሻ ወረቀቱ ላይ 10 ማይክሮግራም በሚሊሊትር የሆነውን መደበኛ አሉሚኒየም ጠብታ፣ አጠገቡ የእናንተን ጠብታ አኑሩ፤ የእናንተው ቀለም ከበረታ አትጠቀሙበት። ትርፍ አሉሚኒየም ሰልፈር ኮሎይድን (በቴክኒሺየም የሚዘጋጅ የምስል መድኃኒት) ያጓጉላል፣ ጓሉም ሳንባ ላይ ይያዛል። ፒኤች በወረቀት ይታያል፤ ከ4.5 እስከ 7.5 መሆን አለበት።

ለቀናት ሳይታጠብ የቆየ ጄኔሬተር የመጀመሪያው እጥበት ብዙ ቴክኒሺየም-99 (99ኤም ሲበሰብስ የሚቀረው) ይይዛል። ይህ በኬሚካል ጠባዩ ከ99ኤም ስለማይለይ የኪቱን (የመድኃኒት ማዘጋጃውን) ስታነስ፣ ማለትም ቴክኒሺየሙን ለመያያዝ የሚያዘጋጀውን ቆርቆሮ፣ ይሻማል። ስለዚህ ያንን እጥበት ለቀይ የደም ሴል ምልክትና ለኤችኤምፓኦ (ለአንጎል የደም ዝውውር ምስል የሚውል መድኃኒት) አታውሉት። ለኤችኤምፓኦ የሚሆነው ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ከታጠበ ጄኔሬተር እንደገና የወጣና 2 ሰዓት ያልሞላው ነው።