ፎቶው ነው ወይስ አምፖሉ? የጥቁርና ነጭ ፎቶ ችግርና መፍትሄ

አያቴ ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው የተነሱትን ፎቶ እዚሁ ጅማ አሳጠብኩት። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሳየው ጋቢያቸው እንደ ወተት ነጭ ነበር። ማታ ሳሎን ስሰቅለው ጋቢው ቢጫ፣ ኮቱ ድፍን ጥቁር ሆነብኝ። ልመልሰው ተነስቼ ነበር። ጥፋቱ ግን የአምፖሉ ነው።

ነጩ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሲመስል

የአምፖሉን ካርቶን አንብቡ። የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ኬልቪን ቢጫ ብርሃን ነው፤ 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዓይን አንዱን ብቻ ሲያይ ቶሎ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ክረምት ላይ ቀኑን ሙሉ ደመና ስለሆነ አምፖል እናበራለን፤ በመስኮት ሰማያዊ፣ ከላይ ቢጫ ይመጣል። ያኔ የፎቶው ግማሽ ሌላ ቀለም ይይዛል። ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን ያለው አምፖል ይሻላል፤ ፎቶውንም ከመስኮቱ አርቁት።

ጥቁሩ ድፍን ሲል

ብርሃን አንሶታል። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በጎን በኩል ያዙበት። እኔ እንዲህ ሳደርግ የአያቴ ኮት ቁልፎች አንድ በአንድ ወጡ፤ የኪሱ ስፌት ሳይቀር ታየ። ዝርዝሩ ከወጣ ህትመቱ ደህና ነው። ከላይ በኩል፣ ከግድግዳው 30 ዲግሪ ግድም ዘንበል ብሎ የሚያበራ አምፖል አድርጉለት። ካልተቻለ ፈካ ተደርጎ እንዲታጠብ ንገሯቸው።

ግራጫው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሲሆን

ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል። ብዙ ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው ባለቀለም ቀለሞችን ቀላቅሎ ነው፤ ድብልቁ በአንዱ መብራት ግራጫ፣ በሌላው አረንጓዴ ይመስላል። በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲያትሙላችሁ ጠይቁ፤ የአምፖሉም ሲአርአይ (CRI፣ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር) 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን። መስኮታችሁ ሥር ሙዝ ወይም አቮካዶ ካለ ግን ቅጠሉም ብርሃኑን አረንጓዴ ያደርገዋል። ለመለየት ፎቶውን በረንዳ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ እዩት።

መስታወቱ ሲያንጸባርቅ

ጥቁሩን ያደበዝዘዋል። ከመስኮት ትይዩ አትስቀሉት።

ከቤት ውጭም ቢጫ ከሆነ

በተለይ የድሮ ፎቶ ከሆነ አምፖል መቀየር አይጠቅምም። ሲታጠብ ኬሚካሉ በደንብ አልለቀቀ ይሆናል፤ እርጥበትም ያባብሰዋል። ቶሎ ስካን አስደርጉትና ቅጂውን ስቀሉ። ዋናውን ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡልኝ።