በአዲስ አበባ ዙሪያ የፀሐይ ኃይልን ከሃይድሮጅን ማከማቻ ጋር አጣምሮ ለማጥናት

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ የፀሐይ ኃይልን ከሃይድሮጅን ማከማቻ ጋር አጣምሮ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ስለ ኤሌክትሮላይዘር (ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን የሚያወጣ መሣሪያ) ዓይነት ከመጠየቁ በፊት፣ ኃይሉ ለማን፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግ መመዝገብ ይኖርበታል። ለጥናቱ ጤና ጣቢያ ቢመረጥ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው፣ የማዋለጃ ክፍሉ መብራትና የውሃ ፓምፑ የሚወስዱት ኃይል በየሰዓቱ ይለካ፤ የወር ሂሳብ ደረሰኝ ድምሩን እንጂ የቀኑንና የሌሊቱን ልዩነት አያሳይም።

ናሳ ፓወር ከተባለው ነፃ የመረጃ ቋት የየሰዓቱን የፀሐይ ጨረር መጠን ማግኘት ይቻላል። ሆኖም መረጃው ሰፊ ቦታን በአንድነት የሚገምት በመሆኑ የእንጦጦን ወይም የወጨጫን ተራራ ደመና ለይቶ አያሳይም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ክረምት ጣሪያ ላይ በተተከለ የጨረር መለኪያ ሊመሳከር ይገባል። በበጋ ከኮረኮንች መንገድ የሚነሳው አቧራ ፓነሉን ስለሚሸፍን፣ የታጠበና ያልታጠበ ፓነል ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መያዝም ይጠቅማል።

ከቀን ወደ ሌሊት የሚሸጋገረውን ኃይል ለባትሪ መተው ይሻላል፤ ሃይድሮጅን የሚያስፈልገው ደመናው ለሳምንታት ሲከርም ነው። በክረምት ለ30 ቀናት በየቀኑ 5 ኪሎዋት ሰዓት ጉድለት አለ እንበል፤ ድምሩ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን 33.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢይዝም፣ ፊውል ሴሉ (ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ) ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ግማሹን ገደማ ስለሆነ 9 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ኤሌክትሮላይዘሩ ለአንድ ኪሎ 55 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስድ ከሆነ፣ በበጋ 495 ኪሎዋት ሰዓት ትርፍ ኃይል መገኘት አለበት፤ ከዚህም ተመልሶ የሚገኘው 30 በመቶ ብቻ ነው። ጋዙ በ30 ባር ግፊት (በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 30 እጥፍ ያህል) ሲከማች አራት ሜትር ኩብ የሚጠጋ ታንክ፣ ለማምረት ደግሞ ወደ 80 ሊትር የተጣራ ውሃ ይጠይቃል፤ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ሳይወገድ ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፊውል ሴል ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ስለሆነ፣ የአምራቹ ሰነድ በባሕር ጠለል የተለካውን ኃይል እዚህ እንዲሰጥ ከተፈለገ አየር ማስገቢያው ሲሶ ያህል ተጨማሪ አየር መግፋት ይኖርበታል፤ ለዚህ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በስሌቱ ካልገባ ውጤቱ ከእውነታው አምሮ ይታያል። እዚህ የሚሠራ ጥናት ለሌሎች ደጋማ አገሮችም ሊተርፍ የሚችለው በዚህ ነጥብ ነውና፣ የፊውል ሴሉ ውጤት ከሰነድ ሳይገለበጥ በቦታው ይለካ።

ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ቀላል ጋዝ ስለሆነ ከጣሪያ ሥር ይጠራቀማልና የጋዝ ጠቋሚውና የአየር መውጫው ከክፍሉ የላይኛው ጫፍ ይሁኑ፤ ታንኩም ከሕሙማን ክፍል ርቆ ደጅ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ስሌቱ ሃይድሮጅን ከሌለባቸው አማራጮች፣ ማለትም ፓነል ከመጨመር፣ ባትሪ ከማሳደግና ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ከመጠቀም ጋር ይነጻጸር። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ሲሆን ግድቦቹ የሚሞሉት ፀሐይ በምትደክምበት በክረምት ነው። ስለዚህ የክረምቱን ጉድለት ዋናው መስመር ሊሸፍን ይችላል፤ መስመሩ የሚቋረጠው ለሰዓታት ብቻ ከሆነ ባትሪው ሊበቃ ይችላል፤ ለቀናት የሚቋረጥ ከሆነ ግን የተቋረጠበትና የተመለሰበት ሰዓት ሳይዛነፍ ተመዝግቦ ከጨረሩ መረጃ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ይግባ።